ለአራስ ቤት የሳብሁት ውሃ

ልጄ በኅዳር ከዳንግላ ልትጠይቀኝ መጥታ ሁለት ሌሊት አደረች። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችውና፣

«አባዬ፣ በጋውን እዚህ ቤት ውሃ የሚቀዳ ማን ነው?» አለችኝ።

«ለአንድ ሰው ስንት ውሃ ያስፈልገዋል ብለሽ ነው?»

«ስለ እርስዎ አይደለም። አራስ ቤት ውሃ ይበዛበታል ብዬ ነው።»

ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፋችና ሄደች። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።

የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በእኛ ዘንድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በእናት በአባቷ ቤት ነው። ሆዷ ሲገፋ እናቷ ሄዳ ታመጣታለች፤ ወልዳ፣ ታርሳ፣ ልጇን ክርስትና አስነሥታ ወደ ባሏ ትመለሳለች። የእኔ ልጅ እናት ግን ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ልጅቱን በዳርሁ ማግሥት ቤቱ ባዶ ሆነ፤ በውስጡ የቀረሁት እኔና ፈረሴ ነን። ስለዚህ ልጄ ወይ እኔ ዘንድ ትወልዳለች፣ ወይ አማቷ ዘንድ። ጥያቄዋ ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፦ ውሃ ካለ እመጣለሁ፣ ከሌለ አልመጣም። እንግዲያው ውሃ ይኖራል አልሁ።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ቤቴ ከእንጅባራ ጥቂት ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነበር። አገራችን ክረምቱ ረጅም ነው፤ በሐምሌ ያየን እንግዳ ውሃ የሚቸግረን አይመስለውም። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ውርጩ ሣሩን ያከስለዋል፤ ከዚያ ፀሐዩ ይከተልና ቀዩ አፈር እንደ ገል ይደርቃል። እስከ ግንቦት ድረስ በጓሮ አረንጓዴ ነገር ማየት የሚችለው ውሃ የሳበ ሰው ብቻ ነው።

የምንጠጣበት ምንጭ ከቤቴ ቁልቁል ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች በቀን ሁለት ጊዜ እንስራ አዝላ ያን አቀበት ትወጣ ነበር። ሃያ ዓመት ስትወጣ አይቻታለሁ። አቀበቱ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት ግን እሷ ከሞተች በኋላ፣ በራሴ ጉልበት ነው። በዚያን ጊዜ እንስራ ያዘለ ወንድ በመንደራችን ታይቶ አያውቅም፤ እኔም አላዘልሁም። በትልቅ የጠላ ቅል እየቀዳሁ፣ በጋቢዬ ሸፍኜ እመጣ ነበር። አንድ ቀን ምንጩ ላይ ያገኘኋት የጎረቤት ሴት እጅ ነሥታ ሰላም ካለችኝ በኋላ፣

«እርስዎ ዘንድስ ጠላው ከመሬት ይፈልቃል እንዴ?» አለችና ሴቶቹን ሁሉ አሳቀቻቸው።

በአገውኛም አንድ ነገር ጨመረችበት፤ ሳቁ በረታ። እኔ የመጣሁት ከወዲያ ከአማርኛው አገር ነው። አገውኛን የማውቀው በሚስቴ በኩል ነበር፤ ያልገባኝን እሷ ትነግረኝ ነበር። ያን ቀን ምን እንደተባልሁ የሚነግረኝ አልነበረም።

የመንደሩ ሰው የጋራ ቦይ ነበረው። በጋ ሲገባ ወንዶቹ ተሰብስበው ደለሉን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ «የውሃ አባት» የሚባለው ሽማግሌ ለእያንዳንዱ ቤት ቀን ቆርጦ ውሃውን በተራ ያድላል። ጌሾው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ የሚኖረው በዚያ ነው። እኔ ከዚህ ማኅበር ከወጣሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የወጣሁትም የውሃ አባቱ ለአንድ ዘመዱ ግማሽ ቀን ጨምሮ ሲሰጥ ስላየሁት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በደጀ ሰላሙ፣ ሕዝብ ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሥቼ «አንተ ሌባ ነህ» አልሁት፤ በዕድሜ ታላቄ የሆነውን ሰው። ውሃ መጨመሩ እውነት ነበር። ነገር ግን ዘመዱ በዚያ ሳምንት ልጁን ቀብሮ ተራው አልፎት ኖሮ፣ ሽማግሌው ያለፈውን ነበር የካሰው። ይህን በኋላ ሰማሁ። ከሰማሁም በኋላ ይቅርታ አልጠየቅሁም። እውነተኛ ነኝ የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን መመርመር አለበት እያልሁ ለስንቱ መክሬአለሁ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ራሴን ትቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ስለዚህ የጋራ ቦይ አልነበረኝም። ከቤቴ በላይ ኮረብታውን ዞሮ የሚወርድ ትንሽ ወንዝ ነበር፤ ከዚያ ለብቻዬ ልጠልፍ ቆረጥሁ።

የጀመርሁት ከግቢው ነው። ከበሩ እስከ አጥሩ ያለውን መንገድ አስተካክዬ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍሁበት፤ አራስ ሴት በጭቃ እንዳትንሸራተት ብዬ ነው። ከቤቱ ጀርባ መሬቱን በሦስት እርከን ቆርጬ ለየእርከኑ የድንጋይ ካብ ሠራሁለት። በላይኛው ጎመን፣ በመካከለኛው ነጭ ሽንኩርት፣ በታችኛው ጤና አዳም ልተክል አሰብሁ። ባለቤቴ የተከለቻቸው ሰባት የጌሾ ሥሮች ነበሩ፤ በየሥራቸው ዙሪያ ውሃ የሚይዝ ጎድጓዳ ቆፈርሁና አፈሩ እንዳይደርቅ ጭድ አለበስሁት። አንዲት የኮክ ዛፍም ነበረች፤ ቅርንጫፏን ቆርጬ አሳጠርኋት። ለአራሷ መታጠቢያ የሚሆን ቦታ ከሌላው ለይቼ በቀርቀሃ አጠርሁ። ይህን ሁሉ ስሠራ ከሰው ጋር ያወራሁት ቃል በሳምንት ከአሥር አይበልጥም። ማታ እግሬን ስታጠብ ለፈረሴ የሠራሁትን እነግረው ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እንዲህ ነበር።

ከዚያ ቦዩን ያዝሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለኝም፤ ከወዲያም ከወዲህም ለቅሜ በራሴ ነው የተማርሁት። ሰው በራሱ ሲማር ትልቁ አደጋ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ የማያውቀውን ነገር የሚነግረው ሰው አጠገቡ የለም። መንገድ የሚሠሩ ሰዎች በሦስት እግር መሣሪያ አሻግረው ሲያዩ ተመልክቼ ነበር። እኔም ጠርሙስ ግማሽ ውሃ ሞልቼ፣ ክዳኑን በሰም ደፍኜ፣ በአግዳሚ እንጨት ላይ አስሬ ልክ መመልከቻ ሠራሁ። ከግቢዬ ተነሥቼ፣ ልኩን እያየሁ፣ በየእርምጃው ጥቂት ከፍ እያደረግሁ ወደ ወንዙ ቆፈርሁ። ከቤቴ የጀመርሁበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከወንዙ በኩል ብጀምር የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያየኛል፣ ምን እየሠራህ ነው ይለኛል።

ታኅሣሥና ጥር በዚህ አለቁ። መዳፌ ተልጦ ጠነከረ። በጥር መጨረሻ ወንዙ ዳር ስደርስ ቦዬ ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ አገኘሁት። በየእርምጃው ጥቂት ያልሁት ተጠራቅሞ ነው። ወንዙ ከታች እያለፈ ነበር፤ ቦዬ ከላይ ቆሞ ይመለከተዋል።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ድምፅ ሰምቼ ቀና ስል የውሃ አባቱ ዘንጉን ተደግፎ ከማዶ ቆሟል።

«እንደምን አደርህ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን አደሩ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ወንድሜ፣ ውሃ ከቤት ወደ ወንዝ ይሄዳል ብሎ የነገረህ የትኛው መጽሐፍ ነው?»

ዶማዬ ላይ የተጣበቀውን አፈር በድንጋይ መፋቅ ጀመርሁ።

«አይ፣ ልወቀው ብዬ ነው። እኛ ያልተማርነው ሰዎች ከወንዝ ወደ ቤት ነው የምንወስደው።»

ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። የቀረኝ መንገድ አንድ ብቻ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ወንዙ ላይ ከፍ ብሎ ካለው ፏፏቴ ሥር መጥለፍ። ከዚያ እስከ ቦዬ ያለው መሬት ደግሞ የእሱ ነው፤ የገብስ ማሳውና የቀርቀሃ ጫካው። ዘንጉን ይዞ ቆሞ ጠበቀኝ። እንደሚጠብቀኝ ገብቶኛል። ልጄ ወሯ እየገፋ ነበር። በመጨረሻ መሬት መሬቱን እያየሁ፣

«በማሳዎ ጥግ ውሃ እንዳሳልፍ ይፍቀዱልኝ» አልሁት።

«ይህችን ለመናገር ሁለት ወር ቆፈርህ?»

«በደጀ ሰላሙ ስለ ተናገርሁትም ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው በዘንጉ ወደ ዳገቱ ጠቆመና፣ «ዶማህን ያዝና ና። የዚያን ነገር ስንሄድ እናወራዋለን» አለኝ። ስንሄድ ግን ምንም አላነሣም።

በዚያ ሳምንት የተማርሁት ከጠርሙሱ ከተማርሁት ሁሉ ይበልጣል። ቦይ ሲቆፈር ከአናቱ በቀጭኑ ይጀመራል፤ ጥቂት ውሃ ይለቀቅና በኋላው ይኬዳል። ውሃው ሲቆም መሬቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ሲሮጥ ዘቅዝቋል ማለት ነው። ሽማግሌው እየተመለከተ «ተወው፣ ተወው፣ ራሱ ይንገርህ» ይለኝ ነበር። አንድ ፈፋ ነበረ፤ እሱን ለማሻገር ከጫካው ቀርቀሃ ቆረጥን።

«የዘንድሮውን አትንካ፤ ገና ልጅ ነው፣ ውሃ ስትጭንበት ይጎብጣል። ይህን ግራጫውን ቁረጥ» አለኝ።

ቀርቀሃውን ለሁለት ሰንጥቀን፣ የውስጥ አንጓውን በምሳር አንስተን እንደ አሸንዳ አደረግነው። አንዱን በሌላው ላይ እየደረብን በባላ እንጨት ላይ አጋደምነው። በየካቲት አጋማሽ ውሃው ፈፋውን ተሻግሮ፣ አሮጌውን ቦዬን አግኝቶ፣ ቅጠልና አቧራ እየገፋ ግቢዬ ገባ። መጀመሪያ ወደ ላይኛው እርከን ሄደ፤ ከዚያ ወደ ጌሾው። ጎድጓዳዎቹ አንድ በአንድ ሲሞሉ ቆሜ አየሁ።

ሽማግሌው በቅልጥፍና እጁን ታጠበበትና፣ «ለእንግዳህ ነው አሉ» አለኝ።

«ልጄ ልትወልድ ትመጣለች።»

«እሰይ! መቼ ልታመጣት ነው?»

«ትመጣለች» አልሁት።

ምን እንዳለኝ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እሱ መቼ ልታመጣት ነው አለ፤ እኔ ትመጣለች አልሁ።

በዚያው ሰሞን ለልጄ ደብዳቤ ጻፍሁ። ማንበብ አታውቅም። እኔ ፊደልን ለቅሜ የተማርሁ ሰው፣ የገዛ ልጄን ሴት ናት ብዬ አላስተማርኋትም። አሁን በአደባባይ የምናዘዘው ኃጢአቴ ይህ ነው፤ ሴት ልጅ ያላችሁ አባቶች ሆይ፣ አንዱን ከሌላው አትለዩ። ባሏ ያነብላት ነበር። ሦስት ጊዜ ገለበጥሁት፤ ስርዝ ድልዝ የሌለው ንጹሕ ጽሑፍ ሆነ። ከሰላምታው በኋላ ውሃው ግቢ መግባቱን፣ ቦዩ በየት በኩል እንደመጣ፣ ፈፋውን በቀርቀሃ እንዳሻገርሁት፣ የድንጋዩን መንገድ፣ የመታጠቢያውን ቦታ፣ ጤና አዳሙ መያዙን ጻፍሁ። ወደ ዳንግላ ገበያ ለሚወርድ ነጋዴ ሰጠሁትና፣ በደብዳቤዬ ረክቼ ተመለስሁ።

መጋቢትን ጠበቅሁ። በየጠዋቱ የቦዩን አፍ እከፍታለሁ፣ ደለሉን አወጣለሁ፣ እርከኑን አጠጣለሁ። ጎመኑ ሰፋ። ነጭ ሽንኩርቱ ቅጠሉን ዘረጋ። አገሩ ሁሉ ደርቆ የእኔ ግቢ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከሩቅ ይታይ ነበር፤ ሰዎች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩታል። የዳንግላ ጭነት መኪና አቀበቱን ሲይዝ ድምፁ እኔ ዘንድ ይደርሳል። በሰማሁት ቁጥር ሥራዬን ትቼ መንገዱን አያለሁ። መኪናው ያልፋል። ማታ ማታ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ገንፎ እየሠራሁ ግማሹን ለውሻ እጥል ጀመር። ለምን እንዲህ እንደማደርግ ራሴን ጠየቅሁት፤ እጄ እንዳይረሳ ነው አልሁ።

ፋሲካ አለፈ። በሚያዝያ አጋማሽ ያው ነጋዴ በደጄ ሲያልፍ፣

«እንኳን ደስ ያለዎ! ልጅዎ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» አለኝ።

«የት?» አልሁት። ሞኝ ጥያቄ ነበር።

«የት ይሆናል? በባሏ ቤት ነዋ።»

እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። ሰውየው ሲሄድ ቦዩ ዳር ተቀመጥሁ። ውሃው እየመጣ ነበር። ያን ቀን ማጠጣቱን ተውሁት፤ ሞልቶ በድንጋዩ መንገድ ላይ ፈሰሰ፣ አልዘጋሁትም።

መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። ልጅ አባቷን አዋረደች፣ ውሃ አለ ብዬ ጽፌ ሳለሁ ባዕድ ቤት ወለደች አልሁ። ለአሥር ቀን እንዲህ ስል ቆየሁ። ከዚያ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት በአቁማዳ ሞልቼ፣ አጃም ጨምሬበት፣ በጭነት መኪና ዳንግላ ወረድሁ። ከመኪናው ወርጄ በጋሪ እስከ ቤታቸው ሄድሁ። አማቷ ተቀበለችኝ፤ ባሏ ሥራ ላይ ነበር። ልጄ አልጋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ሕፃኗ አጠገቧ ተኝታለች። ጉንጭዋን ስሜ ተቀመጥሁ። ከሰላምታው በኋላ ነገሩን መያዝ አልቻልሁም።

«ደብዳቤዬ አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል፣ አባዬ።»

«ውሃው ገብቷል ብዬ ጽፌልሽ ነበር።»

«ጽፈዋል። ቦዩን ጽፈዋል፣ ቀርቀሃውን ጽፈዋል፣ ጤና አዳሙን ጽፈዋል። ሁለት ጊዜ አስነበብሁት። በሦስተኛው ባሌን፣ ነይ የሚል የለበትም ወይ አልሁት። የለበትም አለኝ።»

«ቤትሽ አይደለም? ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ነይ ይባላል?»

«እናቴ ብትኖር በቅሎ አስጭና ትመጣ ነበር» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ውሃ የሚቀዳ ማን ነው ያልሁት፣ እርስዎ እኔ እቀዳለሁ ይላሉ ብዬ ነበር። እንዲያው ለወጉ። እንደሚፈልጉኝ ልወቀው ብዬ።»

አማቷ መጥበሻ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለችና፣ «አይ እርስዎ! ወንዝ ከተራራ ያወረዱ ሰው፣ ልጅዎን ከዳንግላ ማምጣት አቃተዎት?» ብላ ሳቀች። ነገሩን ለማቅለል ብላ ነው፤ ጥሩ ሴት ናት። ልጄም ትንሽ ሳቀች። እኔ ግን የምስቅበት አጣሁ።

«ነይ» አልኋት።

«አሁን?»

«ስትችይ።»

ሕፃኗን አየችና፣ «ክርስትናዋ ይለፍ» አለች።

የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው። ሲቆጠር ሐምሌ ላይ ወደቀ። ክርስትናው ሲያልፍ በቅሎ ተውሼ ዳንግላ ድረስ ሄድሁና ራሴ አመጣኋት። ዝናቡ ከመንገድ ጀምሮ ደበደበን፤ ሕፃኗን በጋቢዬ ውስጥ የያዝኋት እኔ ነበርሁ። ቤት ስንደርስ ሰማይና ምድር አንድ ሆነዋል። የቦዩን አፍ ሰኔ ሲገባ በራሴ እጅ በድንጋይና በአፈር ደፍኜው ነበር፤ አለዚያ ጎርፉ እርከኑን ይንደዋል። የቀርቀሃውንም አሸንዳ አውርጄ ከቤቱ ሥር አጋድሜዋለሁ። ጎመኑ በዝናብ ሳር ውስጥ ጠፍቷል። በዚያ ወር የማንኛውም ሰው ግቢ አረንጓዴ ነው፤ የእኔ ከሌላው አይለይም።

ዝናቡ ሲያባራ ልጄ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ ወጣች። ቦዩ ውስጥ ያለውን ጭቃ በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«በዚህ ነበር የሚመጣው?»

«በዚህ ነበር።»

«ብዙ ነበር ውሃው?»

«ይበቃ ነበር» አልኋት።

ሁለት ሌሊት አድራ ልትሄድ ነበር ከባሏ ጋር የተነጋገሩት፤ እሱ ይጠብቃታል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዕቃዋን ስትሰበስብ በሩ ላይ ቆምሁ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶታል ልላት አሰብሁ፤ በቅሎዋ ደክማለች ልላትም አሰብሁ። ሁለቱም እውነት ነበሩ። አንዱንም አላነሣሁም።

«ትንሽ ቆዪልኝ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የታሰረውን ዕቃ ፈታችና ሕፃኗን ለእኔ ሰጥታኝ፣ በእናቷ ቋንቋ አንድ ነገር እያለቻት እሳት ልታነድ ገባች። ምን እንዳለቻት አልገባኝም፤ አልጠየቅኋትምም። አንድ ቀን ጨምራ ሄደች።